የቶይባ ወገብ

ጫምሳ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንፏቆ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ጋሼ፣ አሁንማ እንቁላል ደርድረው ቢጭኑበት አንዱም አይሰበር" አለ።

አብዱናሲር አላመነውም። መካኒኩ ባለፈውም እንዲሁ ብሎት ነበር። ሄዶ የመኪናውን ጀርባ በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቀው፤ ዝቅ አለ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ቆመ። ለዓይንም ለእጅም እንከን አይወጣለትም። ታዲያ ምን ቀረው?

መኪናው ድሮ ሰው ማመላለሻ ሚኒባስ ነበር። አብዱናሲር ወንበሩን ነቅሎ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውሃ በርሜል ገጠመበት። ሠላሳ ዓመት በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ለሚስቱ የገባላት ቃል ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ቆቃን፣ ባቱን፣ ላንጋኖን ሊያሳያት፣ ሐይቅ ዳር እያደሩ ሐዋሳ ሊደርሱ። በመጀመሪያው ቀን ግን ቶይባ ሞጆ እንኳን ሳይደርሱ "ወገቤን!" ብላ መለሰችው።

እውነቷን ነው፣ አለ በልቡ። ከሥር የሚሸከመው ባሌስትራ የተሠራው ለሙሉ ተሳፋሪ ነው፤ ባዶውን ሲሆን እንደ አህያ ይራገጣል። ከተደራረቡት ብረቶች አንዱን አስወጣ፤ "ወገቤን!" አለች። ንጥረቱን የሚያበርደውን ሾክ አራቱንም በአዲስ ቀየረ፤ "ወገቤን!" የጎማውን ነፋስ ቀነሰ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ፍራሽ ላይ ፍራሽ ደረበ። ሐኪም አይቷት ወገቧ ደህና ነው ብሏል። ዛሬ ደግሞ ጫምሳ እዚሁ ግቢ ድረስ መጥቶ በየመጋጠሚያው ያሉትን ላስቲኮች ለወጠ።

"ቶይባ! ነይ ተኚበትና እንሞክረው!"

ቶይባ እጇን በቀሚሷ ጫፍ እያደረቀች ብቅ አለች። "አሁን? ልብስ ዘፍዝፌ?"

"አንድ ዙር ብቻ ናት። ኮብልስቶኑን ዞረን እንመለሳለን።"

ወገቧን ይዛ መኪናው ላይ ወጣች፤ አልጋው ላይ ጋደም አለችና መጋረጃውን ዘጋች። ጫምሳ መሪውን ያዘ፤ አብዱናሲር ከጎኑ ጋቢና ገባ። ሞተሩ ተነሳ። ግን ለጎረቤት ብሎኬት የሚያራግፍ ጋሪ የግቢውን በር ዘግቶ ቆሞ ኖሯል። ጫምሳ ፍሬን ይዞ መጠበቅ ጀመረ።

ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ፦ "ኧረ ቀስ በሉ! ወገቤን!"

ጫምሳ እግሩን አየ። እግሩ ፍሬኑ ላይ ነው። አብዱናሲርን አየው፤ አብዱናሲር ደግሞ ጋሪውን አየ። ፈረሱ ዝንብ ያባርራል። ከቆሙበት አንዲት ስንዝር አልተነቃነቁም።

የሞተሩ ንዝረት ይሆን? እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈ፤ ንዝረት የሚባል ነገር የለም ቢባል ይቀላል። ግራ ገባው። ጫምሳን በጣቱ ዝም በል ብሎት ድምፁን ከፍ አደረገና፣ "አሁን አስፋልት ገባን፤ አሁንስ?" አለ።

"ባሰበት! ያ አላህ! እንመለስ አብዱ!"

ጫምሳ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አብዱናሲር ግን ሳቅ አልመጣለትም። የሚያልፍ መኪና ድምፅ ሰምቶ የቱ ማርሽ እንደታመመ የሚናገር ሰው፣ የገዛ ሚስቱ ድምፅ ምን እንደሚል ጠፋው። ለምን ትዋሸኛለች? መኪናውን ጠልታው ነው? ወይስ እኔኑ? መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። ቶይባ በጎኗ ተኝታ፣ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ወገቧን እንኳን አልያዘችም።

ጡረታ የወጣበት ቀን ትዝ አለው። የመንገድ ቦርሳውን ከእጁ ተቀብላ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ እያወጣች፣ "በቃ፣ መንገድ አለቀ!" ብላ ስትስቅ ነበር። እሱም በደስታ፣ "ምን አለቀ፣ ገና መጀመሩ ነው እንጂ!" አላት። ያኔ ሳቋን አቋርጣ ወደ ጓዳ መግባቷን ልብ ያለው ገና አሁን ነው። ሠላሳ ዓመት እሱ ሲነዳ እሷ በር ስትከፍትና ስትዘጋ ኖራለች። ያንን ጡረታ ሲጠብቅ የነበረው እሱ ብቻ አልነበረም።

"አጥፋው" አለው ጫምሳን።

"ቶሌ፣ እሺ ጋሼ። ሌላ የሚቀየር ካለ ግን..."

"የለም ወንድሜ። አንተ ደህና አድርገህ ሠርተሃል።"

ሞተሩ ጸጥ ሲል ቶይባ፣ "ደረስን እንዴ?" አለች።

አብዱናሲር መጋረጃውን መልሶ ዘጋ። "ደረስን" አለ።

በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች። መጀመሪያ ያየችው ጋሪውን ነው፤ ብሎኬቱ ገና ግማሹም አልወረደም። ከዚያ ጫምሳን አየች፤ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ባሏን። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

"ወገብሽስ?" አላት።

"ዳነ።"

"እንዲህ ባንዴ?"

"ዳነ አልኩህ እኮ! ግባ እንግዲህ፣ ምን ትቆማለህ?"

ቀድማው ገባች። ተከትሏት እስከ ደጃፉ ሄደ። ጡረታ ከወጣም ወዲህ ቀኑን መኪና ሥር ሲውል፣ ቤት የሚገባው ለመተኛት ነበር፤ ጫማውን የትም ይጥለዋል፣ የምታነሳው ቶይባ ናት። አሁን አወለቀና በእጁ ያዘው። ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ።

"ቶይባ" ብሎ ተጣራ፣ "ይሄ የት ነው የሚቀመጠው?"