የብየዳ መነጽር

ገና በጠዋቱ ቡራዩ ላይ መምሸት ጀመረ። የጎረቤት ዶሮዎች ግራ ገብቷቸው ወደ ቆጣቸው ተመለሱ። ዕድላዊት ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ መሬቱን አየች፤ በቅጠሎቹ መሃል ሾልኮ የወደቀው ብርሃን ሁሉ ትንንሽ ጨረቃ ሆኗል። የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ ጨረቃ ፀሐይን እንዴት እንደምትጋርድ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ሥላ አስረድታለች። ከሰፈሩ በያጅ የብየዳ መነጽር ተውሳ የመጣችው ለቄሱ አባቷ ብላ ነበር። ይደነግጣሉ ብላ "አይዞዎት አባባ፣ ጥላ ነው፤ አሁን ያልፋል" የሚል ቃል ሁሉ አዘጋጅታለች።

ድንገት ብርድ ወረራት። ከአፏ ያመለጣት ግን ያዘጋጀችው ቃል አልነበረም።

"እግዚኦ! እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!"

የራሷ ድምፅ መሆኑን ለማመን ቸገራት። ሳታውቀው ተንበርክካ መዳፏን ዘርግታለች፤ ትንንሾቹ ጨረቃዎች መዳፏ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ቀና ስትል አባቷ ከነጭ ጥምጥማቸው ሥር የብየዳ መነጽሩን አጥልቀው፣ አፋቸውን ከፍተው ወደ ሰማይ አንጋጠዋል።

"አባባ፣ እርስዎ አይጸልዩም እንዴ?"

"አንቺ ጸልዪ ልጄ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከሰማዩ ሳይነቅሉ፤ "እኔ ሥራውን ልይለት።"