ልጅዎ አልፏል

«ታሞ ነው እንጂ ሰንፎ አይደለም» አለች ደግማ፣ የሐኪሙን ወረቀት በመስኮቱ ቀዳዳ እያሾለከች። የሬጅስትራሩ ጸሐፊ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው። የሐኪም ጽሕፈት መሆኑ ነው፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

እናትየው እዚህ ግቢ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ጠዋቱን ከቢሮ ቢሮ ሲያንከራትቷት እግሯ ዝሏል። ልጇን ትናንት ትርፍ አንጀት ነው ብለው ቀደውት ፈተናው አምልጦታል፤ መታመሙን ዛሬ ካላስመዘገበች ፈተና ጥሎ እንደጠፋ ተቆጥሮ ዓመቱን ይደግማል። አንጀት ደግሞ ትርፍ እንዳለው በዚህ ዕድሜዋ ገና መስማቷ ነው። ትኩሳቱ አልወርድ ስላለ ታናሽ ወንድሟን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ ነው የመጣችው፤ ልቧ ግን እዚያው ነው።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላጣራ ብሎ ስልኩን አነሳ። ዓይኑ ወረቀቱ ግርጌ ያለው የሆስፒታሉ ቁጥር ላይ ስለነበር ወደዚያ የደወለ መሰላት። «እናቱ እኔ ጋ ናቸው» አለ። ብዙ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ዘጋ። ወረቀቱንም መለሰላት።

«በቃ እናቴ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ። ልጅዎ አልፏል።»

«መቼ?»

«አሁን ነው የነገሩኝ።»

«ማን ነበር አጠገቡ?»

ጸሐፊው ግራ ገባው። «ማንም አልረዳውም እኮ፤ በራሱ ጥረት ነው።»

ወንድሟ የት ሄዶ ነው? ውሃ ሊጠጣ? ስትወጣ ልጁ ደህና ነበር፤ ብርድ ልብሱን አልፈልግም ብሎ ሲነጫነጭባት ነበር። የሚነጫነጭ ሰው እንዴት ይሞታል? ይሄ ሰውዬስ ምን ያስፈግገዋል? መርዶ በመስኮት ይነገራል እንዴ? የመስኮቱን ብረት በሁለት እጇ ያዘች፤ እንደያዘችውም ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ጸሐፊው በሩን ከፍቶ ወጣ። ከወለሉ ሊያነሳት ሲታገል ሬሳውን ማን ይዞት እንደሚመጣ ስትጠይቀው ክው አለ።

«አፌን ይቁረጠው። ትምህርቱን ነው ያለፈው እናቴ። የደወልኩት ለመምህሩ ነው፤ እስከ ዛሬ ያመጣው ነጥብ ብቻውን ይበቃዋል አሉኝ።»

አየችው። ማመንም አለማመንም አቃታት። ስልኳን አውጥታ ደወለች። ወንድሟ አነሳና ለልጁ አቀበለው።

«እማ፣ ምን አሉሽ?» አለ ልጁ በደከመ ድምፅ።

«አል…» ብላ ጀመረች። ቃሉን ልትጨርሰው አልደፈረችም።

«ይንገሩት እንጂ» አላት ጸሐፊው ቀስ ብሎ።

ዓይኗን ጨፈነች።

«አልወደቅክም፣ ልጄ።»