ያልተጻፈው ጥልቀት

በሰቆጣው ብረታ ብረት ወርክሾፕ ሁለት ዓይነት ሰው ይሠራል፤ የተማረና ሚፍታሕ። ይህን ያለው ኢንጂነር የሻምበል ነው። ከመጣ ስድስት ወሩ ሲሆን ጫማው እስካሁን የብረት ብናኝ አልነካውም።

ሰሃላ ያለው የውሃ ፓምፕ ክዳኑ ተሰነጠቀ። ፓምፑ የተተከለው ሰቆጣ ኢንጂነር የሚባል ሰው ሳታይ ነው። የሻምበል ከግምጃ ቤት የድሮውን ንድፍ አወጣ፤ ጥጉ በግራሶ የጠቆረ ወረቀት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በአዲስ ወረቀት ላይ ሲገለብጠው ዋለ። ስድስት ቀዳዳ፣ ስድስት ንጹህ ክብ፣ እዩኝ እዩኝ የሚል ንድፍ! ከጎን የነበረውን የጽሑፍ ጋጋታ ሁሉ አስወገደው።

"ጽሑፍ ንድፍ ያቆሽሻል" ይላል።

ሚፍታሕ ሃያ ስምንት ዓመት ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የታችኛውን ቀኝ ጥግ አየ። "ነዳፊ፦ ኢንጂነር የሻምበል" ይላል። ፈገግ አለ።

"እዩት በናታችሁ!" አለ ኢንጂነሩ ለሠራተኞቹ። "ንድፍ ከየት እንደሚነበብ እንኳ አያውቅም። ከግርጌ ይጀምራል!"

ሠራተኞቹ ሳቁ። አለቃ ሲስቅ የማይስቅ ማን አለ?

"እነዚህ ቀዳዳዎች ብረቱን ዘልቀው ያልፋሉ ወይስ አያልፉም?" አለ ሚፍታሕ።

"ክቡን አታየውም?"

"ክቡንማ አየሁት፤ ያጣሁት ጥልቀቱን ነው። ካለፉ ውሃው በዚያው ይፈሳል። ብረቱ ደግሞ ይሄው አንድ ነው፤ ሌላ የለንም።"

"ባለሙያ ሳይጻፍለት ያውቃል።"

"የማውቀውን አውቃለሁ። ንድፉ ራሱ ይናገር ነው የምልህ። ነገ ሌላ ሰው ይዞት ይቆማል። ጻፍበትና እሠራዋለሁ።"

ኢንጂነሩ ከት ብሎ ሳቀ። ማንበብ የማይችል ሰው ጥያቄ ማብዛቱ የታወቀ ነው።

ሳምንት አለፈ፤ ብረቱ አልተነካም። ከሰሃላ በእግራቸው የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ደጁን አልለቅ አሉ። ኢንጂነሩ ደብዳቤ ጻፈ፦ ሚፍታሕ ንድፍ ማንበብ ስለማይችል ከሥራ ይሰናበት። ሰውየው ለጡረታ የቀረው ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

የወርክሾፑ ኃላፊ ወይዘሮ ይታየሽ ዘንድሮ የተሾመች ናት። ሁለቱንም ቢሮዋ ጠርታ ደብዳቤውን ለሚፍታሕ ሰጠችው። መልሶ ዘረጋላት።

"አንብቢልኝ እስቲ፣ መነጽሬን ቶርኖው ላይ ትቼዋለሁ።"

"ሰሙ?" አለ ኢንጂነሩ። "አላልኩዎትም? መነጽር! ጉድ እኮ ነው።"

ይታየሽ አነበበችለት። እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ግን ወዲያው አልፈረመችም።

"ጋሽ ሚፍታሕ፣ የሚሉት ነገር አለ?"

"ዋናው ንድፍ ይምጣ። ጥልቀቱ እዚያ ተጽፏል።"

"አንተ ደግሞ ዋናውን የት አይተህ!" አለ ኢንጂነሩ። "ግድ የለም፣ አመጣዋለሁ። ንድፍ ምን እንደሆነ እንኳ ትማርበታለህ።"

አመጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ጎኑ ላይ ተጽፎለታል፦ ስፋት 12 ሚሊሜትር፣ ጥልቀት 20፣ አያልፍም፣ የቡሎን ጥርስ እስከ 15።

"ያንተ ላይ ይሄ የታለ?" አለች ይታየሽ።

ኢንጂነሩ ቅንጣት አላፈረም። "እሱ ለማይገባው ሰው የተጻፈ ማስታወሻ ነው። ቁም ነገሩ መስመሩ ላይ ነው። የነዳፊውን እጅ ይዩልኝ! ይህ የተማረ ሰው እጅ ነው፤ ውጭ አገር የተማረ መሆን አለበት።" ወደ ሚፍታሕ ዞረ። "ይህን የነደፈ ሰው ዛሬ እዚህ ቢኖር በአንተ ያፍር ነበር።"

ሚፍታሕ ወረቀቱን በመዳፉ ዳሰስ አደረገና እጁን ሰበሰበ።

ይታየሽ ከኪሷ ሶፍት አውጥታ በግራሶ የጠቆረውን ጥግ ጠረገችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያም የወጣውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች።

"ነዳፊ፦ ሚፍታሕ ሰላሕ።"