ሳራ በዝናብ ውስጥ የጠየቀችው ዋጋ

«እትዬ በየነች... መጀመሪያ ስንት እንደሚከፍሉኝ ይንገሩኝ።»

እንዲህ ያለችው ሳራ ናት። ገና ስድስተኛ ክፍል የሆነች ልጅ!

ሚዛን ከተማ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ መንጠባጠብ ጀምሯል...

ጎረቤቷ እትዬ በየነች የተሰጣ ቡናቸውን ለመሸፈን ብቻቸውን ከላስቲኩ ጋር ይታገላሉ። ንፋሱ ከእጃቸው ይነጥቃቸዋል።

«ሳሪዬ፣ በሞቴ! ጫፉን ብቻ ያዢልኝ!»

«አባዬ ጉልበትሽን በነፃ አትስጪ ብሎኛል።»

ዝናቡ እንደሆነ አልጠበቃቸውም... ቡናው ላይ ወረደ።

ባለቤታቸው አቶ ባየ ጅማ ሄደው ኦፕራሲዮን የሚሆኑት ያ ቡና ሲሸጥ ነበር። የራሰ ቡና ደግሞ ይሻግታል፤ በደህና ዋጋ የሚወስደው የለም።

ቆይ... ልጅቷን ለመርገም አትቸኩሉ።

አባቷ ዓለምሰገድ ከሚዛን አለፍ ብሎ አማን ላይ ሱቅ አለው። «ልጄ እንደኔ ተቸግራ አታድግም» ብሎ የማለ ሰው ነው። ልጅን ባለሀብት አድርጎ ስለማሳደግ የተጻፈ መጽሐፍ ካየ ሳይገዛ አያልፍም። እራት ላይ ያነብላታል።

ሰሃን ስታጥብ ይከፍላታል። አልጋዋን ስታነጥፍም ይከፍላታል።

ሰፈሩም «ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ ሚሊየነር ነው የምትሆነው!» ይል ነበር።

የዚያን ቀን ዓለምሰገድ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ቴፒ ሄዷል። የራሱም ቡና ግቢው ውስጥ ተሰጥቶ ስለነበር መንገዱን ሁሉ ሲጨነቅ ነው የመጣው።

ሲደርስ ግን... ቡናው ከዳር እስከ ዳር ተሸፍኗል! አንዲት ፍሬ አልራሰችም።

ሳራን አቅፎ ሳማት።

«አንበሳዬ! ብቻሽን ሸፈንሽው?»

«እኔ አይደለሁም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ማነው?»

«እትዬ በየነች ናቸው። ዝናቡ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ የኛን ሸፈኑ። ከዛ ወደራሳቸው ሮጡ... አልደረሱበትም። እኔን ላስቲኩን ያዢልኝ ሲሉኝ መጀመሪያ ዋጋ ጠየቅኳቸው።»

ዓለምሰገድ ዞሮ የተሸፈነውን ቡናውን አየው።

በዚያ ሰፈር ደንቡ እንዲህ ነው፦ ዝናብ ሲመጣ ባለቤቱ የሌለበት ቡና ይቀድማል። ማንም አይከፈልበትም። እሱ ራሱ በዚህ ደንብ ነው ያደገው... ለልጁ ግን አንድ ቀን ነግሯት አያውቅም። መጽሐፎቹ ውስጥ የለማ!

ሳራን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

«እትዬ በየነች፣ ይቅር ይበሉኝ...»

«ልጅቷን እንዳትቆጣት» አሉት። «እሷ ምን አጠፋች? የነገርካትን ነው ያደረገችው።»

ይሄኔ ያ ትልቅ ሰው ልጁ ፊት አለቀሰ።

ከዛ አባትና ልጅ ደረቁን ቡናቸውን ወደ እትዬ በየነች ግቢ ያመላልሱ ጀመር። የራሰውን ለራሳቸው ወሰዱ። እሳቸው «ኧረ በማርያም ተው!» ቢሉም አልሰሟቸውም።

ወዳጆቼ... በውስጥ መስመር «ልጆቻችንን ሀብታም የሚያደርግ መጽሐፍ ጠቁመን» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እሺ፣ እጠቁማለሁ። ማንበብ ጥሩ ነው። ልጅ ገንዘብ አያያዝ ማወቁም ጥሩ ነው፤ ድህነትን ማን ይመኛል?

ግን አበው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያሉት ወደው አይደለም። ሁሉን ነገር በዋጋ እያስላን ያሳደግነው ልጅ ነገ ብር ይኖረው ይሆናል... ሰው ግን አይኖረውም። ይህን ደግሞ መጽሐፍ ሳይሆን እኛው ነን የምናስተምረው።

እስቲ በኮሜንት ንገሩኝ... እናንተ ቤት ልጆቻችሁ ለጎረቤት በነፃ የሚሠሩት ሥራ ምንድነው?