ሳራ የተባለችው ሴት

እየሩስ ላፕቶፗን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው የእናቷ የቅመማ ቅመም ሱቅ ባንኮኒ ላይ ከፈተችና፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ማንበብ ጀመረች። «ባሌ ሲሞት ለቅሶ ደራሹ ፓርኪንግ አጥቶ ሰፈሩን ሲዞር ዋለ። በመስኮት ሳያቸው ብቻዬን እንዳልቀረሁ ገባኝ።»

«ይኼማ የኔ ወሬ ነው» አለች እናቷ ውብነሽ፣ በርበሬ መመዘኗን ትታ።

እውነቷን ነበር። እየሩስ ለአንትሮፖሎጂ ትምህርቷ ስለ ሐበሻ ለቅሶ ስትጽፍ ይህንኑ የእናቷን ቃል አስገብታ ነበር። ፕሮፌሰሯ ግን ሰረዘባትና «የቤተሰብ ወሬ ምንጭ አይሆንም፤ ላይብረሪ ሄደሽ የታተመ ነገር ፈልጊ» አላት። ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው አንድ ጽሑፍ ይኸው ነው። ቃሉን የተናገረችው «ሳራ» የተባለች ሴት ናት ይላል።

«ሳራ ደግሞ ማናት?»

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ። ይህን የጻፈችው ያቺ ለጥናቷ መቅረጫ ይዛ ትመጣ የነበረችው ልጅ ናት፤ ስምሽን ቀይራው ነው።»

«ማን ቀይሪ አላት? ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ነግሬያታለሁ።»

«ሶ፣ አንቺ ስትናገሪው ወሬ ነው፣ እሷ ስትጽፈው ምንጭ ሆነ።» እየሩስ ላፕቶፑን ገፋ አደረገችው። «አሁን እናቴን ከሷ ተውሼ ሳይት ላድርግ፣ የሷን ጽሑፍ ምንጭ ብዬ ልጥቀስ?»

ውብነሽ እጇን በሽርጧ ጠራረገችና ሄዳ የሱቁን በር ከውስጥ ቆለፈች።

«ስልክሽን አውጪና ቅረጪኝ» አለች ተመልሳ እየተቀመጠች። «መጀመሪያ ስሜን። ከዚያ ለሷ ያልነገርኳትን እነግርሻለሁ።»