ሴቷ ዓሣ ገና አልወጣችም

የገዛ እጃችሁ ያሳደገው ነገር በሌላ ሰው ቤት ሲሞገስ ቆማችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ታላቅ እህት ሰማች። በእሷ የመስታወት ገንዳ አንራባም ብለው ለታናሽ እህቷ የሰጠቻቸው ጥንድ ዓሦች፣ ቤታ የሚባሉት የጌጥ ዓሦች፣ በእህቷ ሳሎን እንቁላል ጥለው፣ ሰማያዊው ወንድ የሚወድቀውን እንቁላል በአፉ እየለቀመ ውሃው ላይ ወደሠራው የአረፋ ጎጆ ይመልስ ነበር። እንግዳው ሁሉ መስታወቱን ከቦ ያደንቃል።

«የእህትሽ እጅ እኮ ለምለም ነው!» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ወደ ታላቂቱ ዞራ። «ካንቺ ቤት ሲወጡ ተስማማቸው መሰል!»

ታላቂቱ ፈገግ አለች። ዓይኗ ግን ጥግ በተሸጎጠችው ሴት ዓሣ ላይ ነበር። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ እንደጨረሰች ከገንዳው ካልወጣች ወይ እንቁላሉን ትበላለች፣ ወይ ወንዱ ዘነጣጥሎ ይገድላታል። ታላቂቱ ይህን እስክትማር ስንት ዓሣ ሞቶባታል! አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ቃሏን ዋጠች። ይበላባት! ለምለም እጅ ልኩን ይወቅ!

ያኔ ታናሺቱ መረቧን ይዛ ብቅ አለች። «ኧረ ዝም በሉ፣ እኔ ምን አውቄ! ሁሉንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። እትዬ፣ ሴቷን ላውጣት ወይስ ትቆይ? ሰው ሁሉ እየሰማ ንገሪኝ።»