የአራት መቶ ዘጠና አምስት ዶላሩ ሰዓት

"አባባ! ይሄን ወረቀት ሳያነሱት ነው የመጡት? ሰው ያያል እኮ!"

ስለሺ ነው... ቶሮንቶ፣ ፒርሰን ኤርፖርት፣ መንገደኛ የሚወጣበት በር ላይ። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 2013።

አባቱን ካያቸው ስድስት ዓመት ሆኖታል። ለሰርጉ ጠርቷቸው ነው የመጡት። ገና አቅፏቸው ሳይጠግብ ግን ዓይኑ እጃቸው ላይ አረፈ።

አቶ ባልቻ ዊልቸር ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው ላይ ትልቅ ወርቅማ ሰዓት አስረዋል... የዋጋ ወረቀቱም በክር እንደተንጠለጠለ ነው።

አራት መቶ ዘጠና አምስት ዶላር!

ስለሺ ሊበጥሰው እጁን ሲሰድ አዛውንቱ በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"አትንካው ልጄ... እሱማ ያስፈልገናል።"

ዊልቸሩ እንኳ አላስደነገጠውም። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት አባቶቻችን ሲመጡ መንገድ እንዳይጠፋቸው ዊልቸር እናዝላቸው የለ? ለአባቱም ያዘዘው ራሱ ነው።

ቆይ... መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የቦክሲንግ ዴይ፣ ማለት የፈረንጆች ገና ማግስት ቅናሽ... የገበያ ማዕከሉ በሰው ተጨናንቋል። ስለሺ ከጓደኛው ከማቲ ጋር ገባ። ማቲ ሥራው የሰዓት ባትሪ መቀየር ነው።

"ማቲ፣ ይሄ ነገር ያዋጣል? ከአራት መቶ ዘጠና አምስት ወደ ሰባ ዘጠኝ ወርዷል! ብራንድ ነው እኮ!"

ማቲ ገልበጥ አድርጎ አየው።

"ስማ... እኔ እንደዚህ ዓይነቱን በቀን ሃያ እከፍታለሁ። ውስጡ ተራ የባትሪ ማሽን ነው። አራት መቶ ዘጠና አምስት ብለው የጻፉት ሰርዘው ቅናሽ ለማስመሰል ነው። ለማሰር ከሆነ ግዛው፣ ያምራል፣ በሰባ ዘጠኝ አይቆጭህም። መልሼ ልሽጠው ካልክ ግን ዞር ብሎ የሚያይህ የለም።"

"ለፋዘር ነው ባክህ። እዛ ማን ያውቃል?"

ገዛው። ከዚያ የዋጋ ወረቀቱ ላይ የተለጠፈውን፣ ሰባ ዘጠኝ የሚለውን ቀይ ስቲከር በጥፍሩ ልጦ ጣለ። ከሥሩ አራት መቶ ዘጠና አምስቱ ብቅ አለ።

አትሳቁ... እዚህ ፔጅ ላይ ይህን አድርጎ የማያውቅ ዲያስፖራ ካለ እጁን ያውጣ!

ሰዓቱ በሰው ተላከ። አቶ ባልቻም ሰፈሩን አዳረሱበት።

ስምንት ወር ቆይቶ እህቱ አበራሽ ከአዲስ አበባ ደወለች።

"ስሌ... አባባ ዓይናቸውን ታመዋል። የዓይን ግፊት ነው አሉ። ቶሎ ኦፕሬሽን ካልተደረጉ ይጠፋል ተብለናል። አራት መቶ ዶላር ብቻ..."

ስለሺ ለመኪና ቅድሚያ ክፍያ እያጠራቀመ ነበር። ብሩ ነበረው። አዎ፣ ነበረው!

"አበሩዬ፣ አሁን ትንሽ ታይት ነኝ። የላክሁላቸው ሰዓት አለ አይደል? እሱን ይሽጡታ! በቅቷቸው ይተርፋል!"

ማቲ ያለውን እያወቀ ነው ይህን ያለው። ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል...

ከዚያ በኋላ አበራሽ ስለ ዓይን አንስታ አታውቅም። እሱም አልጠየቀም። ድነዋል ብሎ ደመደመ... እንዲህ ማሰቡ ይቀል ነበራ!

ወደ ኤርፖርቱ እንመለስ።

ፓርኪንግ ደረሱ። ስለሺ አዲሷን መኪናውን በኩራት መታ መታ አደረጋት።

"አባባ፣ የኔ ናት! እንዴት አዩዋት?"

"ታምራለች ልጄ... በጣም ታምራለች።"

ፊታቸው ግን የዞረው ወደ ግድግዳው ነበር።

ስለሺ ሳቀ... ከዚያ ሳቁ ቆመ። እጁን ዓይናቸው ፊት ወዲያ ወዲህ አደረገው። ዓይናቸው አልተከተለውም።

"አባባ... አያዩኝም እንዴ?"

"ለሰርግህ ሐሳብ እንዳይሆንብህ ብዬ ነው። አበራሽንም እንዳትነግርህ አስማልኳት።"

ከዚያ የሰዓቱን ነገር አነሱ።

"ሰባት ሱቅ ዞርኩበት። አንዱ አምስት መቶ ብር ይለኛል፣ ሌላው ይስቅብኛል። ልጄ የላከልኝን የሚያረክሱት ሌቦች ናቸው ብዬ እምቢ አልኩ። እድርተኛው እናዋጣልህ ሲለኝም 'እኔ ንብረት አለኝ፣ ለቸገረው ስጡ' ብዬ መለስኩ። እንዲህ እንዲህ ስል... መሸብኝ።"

ከዚያ ወረቀቱን በጣታቸው ዳብሰው ፈገግ አሉ።

"ካናዳ ዕቃ ከነወረቀቱ ከመለሱት ሙሉ ብሩን ይሰጣሉ አሉኝ። ያልበጠስኩት ለዚህ ነው። ነገ የገዛህበት ሱቅ እንመልሰውና ዓይኔን አሳክመኝ። ሙሽራ ሆነህ ልይህ።"

ስለሺ ከመኪናው ኋላ ሄዶ አበራሽ ጋ ደወለ።

"ለምንድነው ያልነገርሽኝ?!"

"ነገርኩህ እኮ። ሰዓቱን ይሽጡት አልከኝ።"

"እሺ... አሁን ኦፕሬሽን ቢደረጉስ?"

"ሐኪሙ አብቅቷል ብሏል ስሌ። ነርቩ ሞቷል። አባባ ግን አያውቁም። አንተ ጋ ሲደርሱ የሚያዩ ነው የሚመስላቸው።"

ዘጋችበት።

ስለሺ ተመልሶ አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ሊነግራቸው አፉን ከፈተ...

"እሺ አባባ... ነገ እንመልሰዋለን።"

አቶ ባልቻ በዳበሳ ራሱን ፈልገው ግንባሩን ሳሙት።

"ለባለሱቆቹ ብያቸው ነበር! ልጄ አይዋሽም ብያቸው ነበር!"

...

ወገኖቼ፣ በቅናሽ ሰዓት መግዛት ነውር የለውም። በዋጋው ግዙት፣ በዋጋው እሰሩት፣ ስትሰጡም በዋጋው ስጡ። እኚህን ሰው ያሳወራቸው ርካሹ ሰዓት አይደለም... ተልጦ የተጣለው ቀይ ስቲከር ነው። የሚወዳችሁ ሰው የምትነግሩትን ቁጥር ያምናል፣ ሕይወቱንም ያስይዝበታል።

አሁን እናንተን ልጠይቅ... ነገ ጠዋት አቶ ባልቻ ሰዓታቸውን አስረው "እንሂድ" ሲሉ፣ እናንተ ስለሺን ብትሆኑ እውነቱን ትነግሯቸዋላችሁ? ወይስ "ሱቁ ዝግ ነው" ትሏቸዋላችሁ?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ግን እንደ ስለሺ እንዳትዋሹ።